የብራኪዮን አጥንት ማን ተሸከመው?

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። አሁን ጊዜ የሌላችሁ አስቀምጡትና ማታ ቡና ይዛችሁ አንብቡት። የሚጀምረው ከአንድ የቪዲዮ ጌም ነው። ከዚያ ወደ ታንዛኒያ፣ ከታንዛኒያ ወደ በርሊን ይሄዳል፤ መጨረሻ ላይ እኛው አምስት ኪሎ ይመልሰናል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በየመስመሩ እ.ኤ.አ. እያልኩ እንዳላሰለቻችሁ ከወዲሁ ተናግሬያለሁ።

ጌሙ አኒማል ክሮሲንግ ይባላል። የጃፓኑ ኒንቴንዶ ነው የሠራው፤ የመጀመሪያው በ2001 ወጣ። በጣም የታወቀው ግን ኒው ሆራይዘንስ የተባለው ነው። እሱ የወጣው በማርች 2020 ነው፤ ዓለም በኮሮና ምክንያት በሩን ዘግቶ ቤቱ በተቀመጠበት ሰሞን ማለት ነው። ከ40 ሚሊዮን ኮፒ በላይ ተሸጧል። ተኩስ የለበትም፣ ጦርነት የለበትም። አንድ ደሴት ላይ ትኖራላችሁ፣ ዓሣ ታጠምዳላችሁ፣ ዛፍ ትተክላላችሁ፣ ለጎረቤት ስጦታ ትሰጣላችሁ፣ የቤት ዕዳችሁን ቀስ እያላችሁ ትከፍላላችሁ። በቃ ኑሮ ነው።

በዚህ ደሴት መሬቱ ላይ አንዳንድ ቦታ ኮከብ የሚመስል ስንጥቅ ይታያል። በአካፋ ስትቆፍሩት ቅሪተ አካል ይወጣል። ምን እንደሆነ ስለማታውቁ ወደ ሙዚየሙ ትወስዱታላችሁ። የሙዚየሙ ኃላፊ ብላዘርስ የሚባል ጉጉት ነው። እኛ አገር ጉጉት ጣራ ላይ ከጮኸ ‘ምን ሊያመጣብን ነው’ ተብሎ ይባረራል፤ እዚያ ግን የተማረ፣ ወሬ የሚወድ ምሁር ነው። አጥንቱን አይቶ የምን እንደሆነ ይነግራችኋል። ከዚያ ምርጫው የእናንተ ነው፦ ለሙዚየሙ በነፃ ትሰጡታላችሁ፣ ወይም ሱቅ ወስዳችሁ ትሸጡታላችሁ።

በኒው ሆራይዘንስ የሚሰበሰቡት ቅሪተ አካላት 73 ናቸው። ከእነዚህ መካከል ትልቁን ቦታ ከሚይዙት አንዱ ብራኪዮ ነው፤ ሙሉ ስሙ ብራኪዮሳውረስ፣ ያ አንገተ ረጅም ዳይኖሰር። በአራት ክፍል ይመጣል፦ የራስ ቅል፣ ደረት፣ ዳሌ እና ጅራት። አራቱን ስታሟሉ ሙዚየሙ ውስጥ ተገጣጥሞ ይቆማል። ልጆቹ ከሥሩ ቆመው ፎቶ ይነሳሉ።

እስኪ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። በጌሙ ውስጥ የብራኪዮን ደረት ቆፍራችሁ ስታወጡት የት ነው የምታስገቡት? ኪሳችሁ ውስጥ! የእውነተኛው እንስሳ የላይኛው የፊት እግር አጥንት ብቻውን ከሁለት ሜትር በላይ ነው። ያንን ኪስ ውስጥ ከትተው እየዘለሉ ይሄዳሉ። ጌም ነው፣ አልፈርድበትም። ግን ጥያቄ ያስነሳል፦ በእውነተኛው ዓለም ይህን አጥንት ማን ተሸከመው?

ሁለት አገር፣ አንድ ስም

ብራኪዮሳውረስ የሚለውን ስም ያወጣው ኤልመር ሪግስ የተባለ አሜሪካዊ ነው። በ1900 በኮሎራዶ ግዛት ቁፋሮ ላይ የተገኘውን አጥንት አጥንቶ በ1903 ስም ሰጠው። አጥንቱ የሚገኘው ቺካጎ፣ ፊልድ ሙዚየም ነው። ያ የመጀመሪያው ግኝት ግን ጎደሎ ነበር። የጀርባ አጥንት ነበረው፣ የጎድን አጥንት ነበረው፣ አንድ የፊት እግርና አንድ የኋላ እግር ላይኛ አጥንት ነበረው። የራስ ቅል አልነበረውም፤ አንገትም አልነበረውም።

አንገት የሌለው ብራኪዮሳውረስ! እንግዲህ ዛሬ በየፊልሙ፣ በየመጽሐፉ፣ በየልጆች መጫወቻው የምናየው ያ ረጅም አንገት፣ ያ ግንባሩ ላይ ጉብ ያለ ራስ ከየት መጣ?

ከአፍሪካ ነው የመጣው። ዛሬ ታንዛኒያ በምንላት፣ ያኔ የጀርመን ምሥራቅ አፍሪካ ትባል በነበረችው አገር፣ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ከሊንዲ ወደብ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ቴንዳጉሩ የሚባል ኮረብታ አለ። የብራኪዮ መልክ በዓለም ሕዝብ አእምሮ ውስጥ የተቀረጸው በዋናነት ከዚያ ኮረብታ በወጡት አጥንቶች ነው። ጌሙም፣ በ1993 የወጣው ጁራሲክ ፓርክ ፊልምም የሚያሳዩን መልክ የዚያን ዘር ይዟል። ልጆቻችን የሚያውቁት ብራኪዮ ፊቱን ያገኘው ከአፍሪካ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ከቁፋሮው በፊት የነበረው እሳት

ነገሩ የተጀመረው በ1906 ነው ይባላል። በርንሃርድ ሳትለር የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ ማዕድን ሲፈልግ መንገድ ዳር ከአፈር ወጥቶ የሚታይ ግዙፍ አጥንት አየ። ወሬው ጀርመን ደረሰ። በ1907 ኤበርሃርድ ፍራስ የተባለ የሽቱትጋርት ተመራማሪ መጥቶ አይቶ ናሙና ይዞ ተመለሰ። መጻሕፍቱ ‘ተገኘ’ የሚሉት ይህንን ነው። አጥንቱ ግን መንገድ ዳር ተጋልጦ የሚታይ ነበር፤ በዚያ መንገድ ደግሞ የአገሩ ሰው በየቀኑ ይመላለሳል። ‘ተገኘ’ ማለት ‘ጀርመን ወሬውን ሰማች’ ማለት እንደሆነ ያዙልኝ።

አሁን ዓመቱን ተመልከቱ፤ 1906 እና 1907። የታሪክ ተማሪዎቼ የነበራችሁ ይህ ቁጥር አንድ ነገር ሊያስታውሳችሁ ይገባል። ማጂ ማጂ!

በ1905 ጀርመኖች በግዳጅ ጥጥ እንዲያመርት ያደረጉት፣ ግብርና ጅራፍ ያስመረረው የደቡብ ታንዛኒያ ሕዝብ ተነሳ። ኪንጂኪቲሌ ንግዋሌ የተባለ መንፈሳዊ መሪ የተቀደሰ ውሃ ሰጠ፤ ውሃው ጥይትን ውሃ ያደርጋል ተባለ። ‘ማጂ’ በስዋሂሊ ውሃ ማለት ነው፤ አመጹም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። ብዙ ነገዶች በአንድነት ተነሱ። ጥይቱ ግን ውሃ አልሆነም። ጀርመኖች አመጹን ሲያፍኑ እህሉን አቃጠሉ፣ ጎተራውን አወደሙ፣ መንደሩን አነደዱ። ከጥይት የተረፈው በረሃብ አለቀ። የሟቾችን ቁጥር በተመለከተ የታሪክ ምሁራን ግምት ከ75 ሺህ እስከ 300 ሺህ ይደርሳል። አመጹ ጨርሶ የከሰመው በ1907 ነው። የሊንዲ አካባቢም ከዚህ እሳት አላመለጠም።

እሳቱ በጠፋ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1909፣ ከበርሊን የመጣ ትልቅ የቁፋሮ ቡድን ቴንዳጉሩ ላይ ድንኳን ተከለ። ያ ሕዝብ ዘመዱን ቀብሮ፣ ማሳው አመድ ሆኖ ሳለ የቀን ሥራ መጣለት። ‘በፈቃዱ ተቀጥሮ ደመወዝ ተከፈለው’ ይባላል። እውነት ነው፣ ይከፈለው ነበር። ነገር ግን ጎተራው የተቃጠለበት ሰው ‘እሺ’ ሲል ከሌላው ሰው ‘እሺ’ ጋር እኩል መመዘን የለበትም።

ስምንት ሺህ ሸክም

ቁፋሮው ከ1909 እስከ 1913 ድረስ ቆየ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የመሩት ቨርነር ያነንሽ እና ኤድቪን ሄኒግ ናቸው፤ በኋላ ሃንስ ሬክ ተተካ። ጀርመኖቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ሠራተኛው ግን በደህናው ጊዜ እስከ 500 ይደርስ ነበር። ብዙዎቹ ሚስትና ልጅ ይዘው ስለመጡ ኮረብታው ሥር አንድ መንደር በቀለ።

ቆፋሪው፣ አጥንቱን በጥንቃቄ የሚያጸዳው፣ የሚጠግነው፣ የሚያሽገው የአገሩ ሰው ነበር። ከሁሉም በላይ የነበረው ዋና ካቦ ቦሄቲ ቢን አምራኒ ይባላል። ይህን ስም ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ። ቦሄቲ ሠራተኛ ከማዘዝ አልፎ አጥንት የመለየትና የማውጣት ሙያ የተካነ ሰው ሆነ። ዛሬ ቢሆን ‘የመስክ ባለሙያ’ የሚል ካርድ አንገቱ ላይ ያንጠለጥል ነበር።

አጥንቱ ሲወጣ በሸክላ አፈርና በጀሶ ይለሰናል፤ ዙሪያውን በቀርከሃ ይታሰራል፤ ቀጥሎ ወደ ሊንዲ ወደብ ይወሰዳል። በምን? መኪና የለም፣ ባቡር የለም። በሬና በቅሎ እንዳይጫን ፄፄ የምንላት የገንዲ ዝንብ አለች። ስለዚህ በሰው ራስና ትከሻ ነው። ለቀናት የሚዘልቅ የእግር መንገድ። ትንሹን አንድ ሰው ይሸከማል፤ ትልቁን በረጅም እንጨት አንጠልጥለው ብዙ ሆነው ይይዙታል።

ወደ በርሊን የተላከው ጠቅላላ ክብደት ከ225 እስከ 250 ቶን ይገመታል። እስኪ ሒሳብ እንሥራ፤ ሒሳብ መምህራን ወዳጆቼ ታርሙኛላችሁ። አንድ ሰው 30 ኪሎ ይሸከማል ብንል 225 ቶን 7,500 ሸክም ይሆናል፤ 250 ቶን ደግሞ 8,300 ሸክም ገደማ። ይህ የእኔ ስሌት ነው፣ ሰነድ ላይ የተጻፈ ቁጥር አይደለም፤ ግን ነገሩን በዓይነ ኅሊናችን ለማየት ይረዳናል። ስምንት ሺህ ጊዜ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ፣ የዳይኖሰር አጥንት ራሱ ላይ አድርጎ ለቀናት ሄዷል። ተመልሶ መጥቶም እንደገና ተሸክሟል።

ምን አለፋችሁ፣ የብራኪዮ ‘ኪስ’ ይህ ነበር።

በርሊን ላይ ቆመ

አጥንቱ በርሊን ከደረሰ በኋላ ሥራው አሥርት ዓመታት ፈጀ። ያነንሽ በ1914 እንስሳው የብራኪዮሳውረስ ዘመድ መሆኑን ጽፎ ብራኪዮሳውረስ ብራንካይ ብሎ ሰየመው። ብራንካ ማን ነው? ቪልሄልም ፎን ብራንካ፣ ቁፋሮው እንዲካሄድ የለፋው የበርሊኑ ተቋም ኃላፊ።

በ1937 አጥንቱ ተገጣጥሞ በርሊን በሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ቆመ። ዘመኑ የሂትለር ነው፤ አዳራሹ ውስጥ የናዚ ባንዲራ ተሰቅሎ ነበር። የቆመው አጽም የአንድ እንስሳ ብቻ አይደለም፤ ከአንድ በላይ ከሆኑ እንስሳት አጥንትና ከጎደለው ቦታ ከተሞላ ቅርጽ የተሠራ ነው። ዛሬ ቁመቱ 13.27 ሜትር ነው፤ የአራት ፎቅ ሕንፃ ማለት ነው። በዓለም ላይ ከቆሙት የዳይኖሰር አጽሞች ረጅሙ ተብሎ ተመዝግቧል። በየዓመቱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከሥሩ ቆሞ ወደ ላይ ያንጋጥጣል።

ጀርመን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ተሸንፋ አገሪቱ በእንግሊዝ እጅ ስትገባ ደግሞ ተራው የእንግሊዞች ሆነ። የብሪቲሽ ሙዚየም ቡድን ከ1924 እስከ 1931 ድረስ እዚያው ቴንዳጉሩ ቆፈረ። የመጀመሪያው መሪ ዊሊያም ከትለር በ1925 በወባ ሞተ። ከእሱ ጋር የመጣው ወጣት በኋላ በኦልዱቫይ ስሙ የገነነው ሉዊስ ሊኪ ነበር። ልምድ ያለው ሰው ሲፈለግ የተጠራው ማን መሰላችሁ? ቦሄቲ ቢን አምራኒ። አገዛዙ ተለወጠ፣ ባንዲራው ተለወጠ፣ ሥራውን የሚያውቀው ሰው ግን ያው ነበር።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል

ይህን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን። እስኪ በቴንዳጉሩ ላይ እንሞክረው።

በርሊን የቆመው ዳይኖሰር ዛሬ ስሙ ተለውጧል። ግሪጎሪ ፖል የተባለ ተመራማሪ በ1988 የአፍሪካው ከአሜሪካው ይለያል ብሎ ጂራፋታይታን የሚል ስም አቀረበ። በ2009 ማይክል ቴይለር የተባለ እንግሊዛዊ የሁለቱን አጥንት አነጻጽሮ 26 ልዩነት ቆጠረና ጉዳዩን አጠናከረው። ስለዚህ የአፍሪካው አሁን ጂራፋታይታን ብራንካይ ነው። የመጀመሪያው ስም ተቀየረ፤ የኃላፊው የብራንካ ስም ግን በሳይንስ ሕግ መሠረት አብሮ ሄደ።

ያነንሽም በስሙ ያነንሺያ የሚባል ዳይኖሰር አለው። ቦሄቲስ? ቦሄቲ እስከ 2007 ድረስ ጠብቋል። በዚያ ዓመት ክርስቲያን ሬምስ የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ ከቴንዳጉሩ ከወጡት አጥንቶች አንዱን አዲስ ዝርያ ብሎ አውስትራሎዶከስ ቦሄቲ ሲል ሰየመው። በ2019 ደግሞ ለአካባቢው ለምዌራ ሕዝብ መታሰቢያ ዋምዌራካውዲያ የሚል ስም ወጣ። መቶ ዓመት ገደማ ዘግይቶ መሆኑ ነው። ቢሆንም ደስ ብሎኛል፤ መዘግየት ከመርሳት ይሻላል።

የስምንት ሺው ሸክም ተሸካሚዎች ግን በየትኛውም ዳይኖሰር ላይ ስማቸው የለም። ሊኖርም አይችልም፤ ብዛታቸው አይፈቅድም። ቢያንስ ታሪኩ ሲነገር ‘ያነንሽ ቆፈረ’ ከማለት ‘ያነንሽ የመራው፣ መቶዎች የቆፈሩት’ ማለት ይቻላል። ሁለት ቃል ነው የሚጨምረው።

የማን ነው?

አሁን ወደሚያከራክረው እንግባ። አጥንቱ የማን ነው?

ስለዚህ ስንወያይ ከምሰማቸው መከራከሪያዎች አንዱ ‘በሕግ ነው የወሰዱት’ የሚል ነው። ልክ ነው፣ ሕግ ነበር። በ1895 የጀርመን ንጉሠ ነገሥት ባወጣው ድንጋጌ ‘ባለቤት የሌለው’ የተባለ መሬት ሁሉ የዘውዱ መሬት ሆነ። ባለቤት መኖር አለመኖሩን የሚወስነው ማን ነበር? መሬቱን የፈለገው። ዳኛውም ከሳሹም አንድ ሰው ሲሆን ፍርዱን ለእናንተ እተወዋለሁ።

ሁለተኛው ‘እዚያ ባይሄድ ኖሮ ይጠፋ ነበር’ የሚል ነው። ይህም የራሱ እውነት አለው፤ ተጋልጦ የቀረ አጥንት ዝናብና ፀሐይ ይበላዋል። ግን በርሊንም ገነት አልነበረችም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አጽሙ ተፈታትቶ ምድር ቤት ገባ፤ በ1945 የሙዚየሙ ሕንፃ በከፊል በቦምብ ፈረሰ፤ ከቴንዳጉሩ ከመጡት አጥንቶችም የጠፉ አሉ። አጽሙ እንደገና የቆመው በ1953 ነው። ከመጡት የቀርከሃ ጥቅሎች መካከል ደግሞ መቶ ዓመት ሙሉ ሳይከፈቱ የተቀመጡ ነበሩ። ስለዚህ ‘ለሳይንስ አስቸኳይ ስለሆነ’ የሚለውን ስትሰሙ ያንን ያልተፈታ ጥቅል አስታውሱ።

ሦስተኛው ‘ሥራውን የሠሩት እነሱ ናቸው’ የሚል ነው። ያነንሽ ዕድሜውን ሰጥቶበታል፤ ስለ ቴንዳጉሩ አጥንቶች በ1961 እንኳ ይጽፍ ነበር። ይህን መካድ ነውር ነው። የሙዚየሙ የዛሬ ተመራማሪዎችም በ2018 የራሳቸውን ተቋም የቅኝ ግዛት ታሪክ የሚመረምር መጽሐፍ አሳትመዋል፤ ለዚህም ምስጋና ይገባቸዋል። ግን የምሁሩ ላብ ሲቆጠር የተሸካሚው ላብ ለምን ይቀራል?

በታንዛኒያ ጥያቄው ፓርላማ ድረስ ደጋግሞ ደርሷል። ሐሳቡ አንድ ዓይነት አይደለም። ‘ይመለስ’ የሚል አለ። ‘ያን የሚያህል ተሰባሪ ነገር ማጓጓዝና መያዝ ከባድ ነው፤ ይልቅ ጥቅሙን ያካፍሉን፣ ልጆቻችንን ያሠልጥኑ’ የሚልም አለ። እኔ ታንዛኒያዊ አይደለሁም፣ ልወስንላቸው አልችልም። ምን እንደሚሻል የመምረጥ ሥልጣኑ ግን የእነሱ መሆን እንዳለበት አምናለሁ። መወያያው ጠረጴዛ ላይ የመጀመሪያው ወንበር የቴንዳጉሩ ሰው ነው።

ሩቁ ሙዚየም

አሁን ወደ ጌሙ ልመልሳችሁ፤ እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ።

ጌሙ ወደ አሜሪካ የገባበት የቆየው የጌምኪዩብ ሥሪት ላይ ብላዘርስ ቅሪተ አካል የመለየት ፈቃድ አልነበረውም። ስለዚህ ተጫዋቹ ያገኘውን አጥንት ከደብዳቤ ጋር በፖስታ ፋርዌይ ወደሚባል ሙዚየም መላክ ነበረበት። ስሙ ራሱ ‘ሩቅ’ ማለት ነው። ሩቁ ሙዚየም አጥንቱን ይመረምርና ምን እንደሆነ ጽፎ ይልካል። አጥንቱንስ? አጥንቱንም ይመልሰዋል! ከዚያ ተጫዋቹ ለመንደሩ ሙዚየም ይሰጠዋል። በኋላ በወጡት ሥሪቶች ብላዘርስ ፈቃዱን አገኘ፤ ወደ ሩቅ መላክም ቀረ።

ልብ አላችሁልኝ? ከላይ ‘ኪስ’ እያልኩ ጌሙን ተችቼው ነበር፤ በዚህ በኩል ግን ከታሪኩ በልጦ ተገኘ። በልጆች ጌም ውስጥ ሩቁ ሙዚየም መርምሮ ይመልሳል፤ የመንደሩ ምሁር ሙያውን ተምሮ ራሱ ይመረምራል። ከዚህ በላይ ምን ፍትሕ ይፈለጋል?

‘ይሄ በጌም ነው የሚሆነው’ እንዳትሉኝ። በእውነቱ ዓለም የሆነበትን አገር እናውቃለን። በኖቬምበር 24, 1974 አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ ድንቅነሽ ተገኘች። ዓለም ሉሲ ይላታል። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። እሷም ለጥናት ወደ ሩቅ ሄዳለች፤ አሜሪካ፣ ኦሃዮ፣ ክሊቭላንድ ተወስዳ ነበር። ግን በውሰት ነበርና በ1980 ተመለሰች። ከ2007 እስከ 2013 ለዐውደ ርዕይ እንደገና አሜሪካ ሄዳ፣ ብዙ አከራክራ፣ ተመልሳለች። ዛሬ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ ናት። የሳይንስ ስሟም አፋረንሲስ ነው፤ የኃላፊ ስም ሳይሆን የአገሩ ስም። ብራንካይ እና አፋረንሲስ፤ እነዚህን ሁለት ስሞች ጎን ለጎን አስቀምጡና በ1914 እና በ1970ዎቹ መካከል ምን እንደተለወጠ አስቡ።

የተለወጠው የአውሮፓና የአሜሪካ ሰው ልብ ብቻ አይደለም። በ1974 ኢትዮጵያ የቅርስ ሕግ ነበራት፣ ፈቃድ የሚሰጥና የሚከለክል መሥሪያ ቤት ነበራት፣ ‘የት ትወስዳለህ?’ ብሎ የሚጠይቅ ባለሥልጣን ነበራት። ቴንዳጉሩ በ1909 ይህ ሁሉ አልነበራትም፤ የነበራትን መሪ ሰቅለውባታል። የአጥንት ዕጣ ፈንታ የሚወሰነው በመንግሥትና በሕግ ነው የምለው ለዚህ ነው።

በነገራችን ላይ ኒው ሆራይዘንስ ውስጥ ከሚሰበሰቡት 73 ቅሪተ አካላት አንዱ አውስትራሎፒት ይባላል፤ የድንቅነሽ ወገን። ጌሙን የምትጫወቱ ካላችሁ ስታገኙት እንዳትሸጡት!

ሌላም ልጨምር። ሙገር ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ሲሚንቶ ነው። የሥነ ምድር ሰዎች ግን በዚሁ ስም የሚጠሩት የሙገር የጭቃ ድንጋይ አላቸው፤ በዓባይ ተፋሰስ ውስጥ ያለ፣ ዕድሜው ከቴንዳጉሩ ጋር የሚቀራረብ፣ ወደ 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ። ከዚያ ድንጋይ ውስጥ የዳይኖሰር ጥርሶች ተገኝተዋል። ትንንሽ ጥርሶች ናቸው፤ በርሊን እንደቆመው ዓይነት ግዙፍ አጽም አይደሉም። ነገር ግን ‘ዳይኖሰር የፈረንጅ አገር ነገር ነው’ ለምትሉ መልስ ይሆናችኋል።

አራት ጥያቄ

ለምን ይህን ሁሉ ጻፍኩ? የታሪክ ፈተና ላይ ‘ማን አገኘው?’ የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ መልሱ አንድ ስም ነው፣ ሀ ለ ሐ መ። ልጁ ስሙን ያጠቁራል፣ ነጥቡን ይይዛል፣ ይወጣል። ይህ ልማድ አድጎ ‘ታሪክ የሚሠራው አንድ ሰው ነው፣ እሱም ከሌላ አገር የመጣ ነው’ የሚል እምነት ይሆናል። ክፍል ውስጥ አየዋለሁ። ‘ጢስ ዓባይን ማን አገኘው?’ ስትሉት የፈረንጅ ስም የሚጠራ ተማሪ አለ፤ ፏፏቴው ሥር ተወልዶ ያደገ ገበሬ ትዝ አይለውም።

ስለዚህ ሙዚየም ስትገቡ፣ ፊልም ስታዩ፣ ልጃችሁ ጌም ላይ አጥንት ሲቆፍር አጠገቡ ስትቀመጡ እነዚህን አራት ነገሮች ጠይቁ፦

ማን ቆፈረው?
ማን ተሸከመው?
ማን ስም አወጣለት?
አሁን የት ነው ያለው፣ ለምንስ እዚያ ሆነ?

በብራኪዮ ላይ መልሱን አሁን ታውቃላችሁ። የቆፈሩት ቦሄቲና ባልደረቦቹ ናቸው። የተሸከመው ከማጂ ማጂ እሳት የተረፈው ሕዝብ ነው። ስም ያወጣለት ያነንሽ ነው፤ ያወጣውም በአለቃው ስም ነው። ያለው በርሊን ነው፤ እዚያ የሆነውም መሬቱን ‘ባለቤት የለውም’ ያለ ሕግ ስለነበረ ነው።

አራቱንም ጥያቄ በሌላ ነገር ላይ ሞክሩት። በመቅደላ ዕቃ ላይ ይሠራል፤ በአክሱም ሐውልት ላይ ሠርቷል። በሰፈራችሁ ድልድይ ላይም ይሠራል፤ ሪባኑን የቆረጠው ሰው ፎቶ አለ፣ ድንጋዩን የጠረበው ሰው የለም።

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ የቤት ሥራ አልሰጣችሁም፤ አርጅታችሁብኛል። ከፈለጋችሁ ግን ከአካባቢያችሁ አንድ ነገር መርጣችሁ አራቱን ጥያቄ ከነመልሱ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ሁሉንም አነባለሁ። ቦሄቲ ቢን አምራኒ የሚለውን ስም ደግሞ ዛሬ ማታ ለአንድ ሰው ንገሩልኝ።

መልካም ሳምንት!